እንግዳው ለምን ቡናውን አስቀመጠ?

አንድ እንግዳ ወደ ቤታችሁ መጣ እንበል። የመጣው ከሩቅ አገር ነው። የቤቱ እመቤት ቡና አቀረበችለት። እንግዳው አንድ ጊዜ ቀመሰና ፊቱን ቋጠር አደረገ። ከዚያም ዕቃውን መሬት ላይ አስቀመጠው፤ ሁለተኛም አልነካውም። የቤቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ማንም ምንም አልተናገረም። ሁሉም ግን በሆዱ «ናቀን» አለ።

እውነት እንግዳው ንቆ ነው? አንዳንድ ጊዜ አዎን፣ ንቆ ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ምላሱ፣ አፍንጫውና አንጀቱ ያደጉት በሌላ ምግብ ስለሆነ ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን በአርሲ ደጋ ምግብና ቡና እያሳየን እናስረዳለን።

አርሲ እንግዳ ያላየ አገር አይደለም። በ1960 ዓ.ም. መባቻ ላይ ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ሲቋቋም የስዊድን መንግሥት ረዳው፤ የስዊድን ባለሙያዎችም ከነቤተሰባቸው መጥተው በአሰላ ተቀመጡ። ስንዴና ገብስ፣ ማዳበሪያና የተዳቀሉ ላሞች ሥራቸው ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር 60,000 ያህል ተማሪዎችና አስተማሪዎች በመላ አገሪቱ ወደ ገጠር ወጡ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠይምነት ማጥፋት ዘመቻው ታወጀና እንደገና የከተማ ልጆች በየቀበሌው ገቡ። ስዊድናዊውም የአዲስ አበባውም ልጅ ሻንጣውን እንዳስቀመጠ ያጋጠመው የመጀመሪያ ፈተና አንድ ነው፤ ምሳ ቀረበለት።

ከእህሉ እንጀምር። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። ከአሰላ ተነሥቶ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ ሲወጣ ከፍታው ከ2,700 ሜትር በላይ ይሆናል። የጭላሎ ተራራ ራሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጤፍ ብርድ አይወድም፤ ውርጭ ሲያገኘው ያልቅለታል። ገብስ ግን 3,000 ሜትር ላይ እንኳ ይበቅላል። ስለዚህ በደጋው ያለ ገበሬ ገብስ የሚዘራው ጤፍን ስለማያውቅ ወይም ስለጠላ አይደለም። መሬቱና ብርዱ የሚፈቅዱለት ገብስን ነው። ጤፍ በደጋው ገበያ ቢገኝም ከታች ከወይና ደጋው ተጭኖ የመጣ ነውና ዋጋው ይከብዳል።

የአዲስ አበባ ልጅ ታዲያ የገብስ እንጀራ ሲቀርብለት ግራ ይገባዋል። ወፈር ያለ ነው። እንደ ጤፉ ዓይን አያወጣም፣ ሲጠቀለልም ይሰባበራል። ልጁ «አልቦካም እንዴ?» ይላል። ቦክቷል እኮ! የእህሉ ጠባይ ነው። ሆዱም ይነፋዋል። ገብስ ገለባ መሰል ነገር በውስጡ በብዛት ስላለው ቶሎ አይፈጭም። ገበሬው ጠዋት በልቶ እስከ ቀትር የሚያርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ያልለመደ አንጀት ግን ሥራው ይበዛበትና ጋዝ ይፈጥራል። ጥቂት በጥቂት ከተበላ አንጀቱ ይለምደዋል፤ መንፋቱም ይቀራል።

ጩኮን ደግሞ እንመልከት። ገብሱ ይቆላል፣ ይሸከሸካል፣ በደንብ ይፈጫል፤ ከዚያም በተነጠረ ቅቤ ይታሻል። ይህ ምግብ ለብዙ ቀን ሳይበላሽ ይቆያል። ምግብን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ያለ እርጥበት አይራቡም። ዱቄቱ ተቆልቶ ደርቋል፤ ቅቤውም ዙሪያውን ይዞ እርጥበት አያስገባም። አሜሪካና እንግሊዝ ለተጓዥና ለወታደር በቆርቆሮ የሚያሽጉትን ምግብ የአርሲ እናቶች ያለ ቆርቆሮ ሠርተውታል ማለት ነው። እንግዳው ግን ይህን አያውቅም፤ እሱ የሚያየው ብዙ ቅቤ ነው። በከተማ ቅቤ በማንኪያ ተለክቶ ወጥ ውስጥ ይገባል እንጂ እንደዚህ አይበላም።

ሌላም እንግዳን የሚያሳስት ነገር አለ። ባቄላና አተር በደጋ ቶሎ አይበስልም። አንድ ዘማች ጓደኛችን ንፍሮው ጥሬ ነው ብሎ ራሱ እሳቱን ሊያነድ ተነሣ። እንጨት ጨመረ፣ አሁንም ጨመረ። የቤቱ እመቤት በትዕግሥት ስታየው ቆየች፤ የሳምንት እንጨቷ ግን ግማሹ ሄደ። ባቄላው ያው ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አየር ክብደት አለው፤ ውሃንም ከላይ ይጫናል። በባሕር ዳርቻ፣ ለምሳሌ በምጽዋ፣ ያለው አየር ከባድ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ጭነቱም ይቀንሳል፤ ውሃውም ቶሎ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብንል አንሳሳትም። በአሰላ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በበቆጂ ከዚያም ያንሳል። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመር ውሃው በእንፋሎት ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ባቄላውን ከማታ ጀምሮ መዘፍዘፍ እንጨት ከመጨመር ይሻላል። የደጋ እናቶች ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ።

ቡና ቀላን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ለማያውቀው እንንገረው። «ቀሉ» በኦሮምኛ ማረድ ማለት ነው። ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነልባሱ የደረቀው ቡና፣ ሳይፈለፈል ይወሰዳል። በብዙ ቦታ የፍሬው ጫፍ በጥርስ ነከስ ተደርጎ ይከፈታል። ከዚያ በቅቤ ውስጥ ይጠበሳል፤ ጨው ይነሰነስበታል። ሽማግሌው ይመርቃል። ቡናውም ከነቅቤው ይቀርብና ከገብስ ቆሎ ጋር እየታኘክ ይበላል። እንግዳ ሲመጣ በግ ለማረድ አቅም ያጣ ቤት ቡና ያርዳል። ስሙም ይህንኑ ይናገራል። ስለዚህ ይህን ቡና መግፋት ሲኒ እንደመግፋት ብቻ አይቆጠርም፤ ምርቃቱንም መግፋት ነው።

እኔ ራሴ የገፋሁ ሰው ነኝ። ለማስተማር በወጣሁበት ቀበሌ፣ በጭላሎ ግርጌ፣ በመጀመሪያው ማታ ቡና ቀላ ቀረበልኝ። ቅቤው ከላይ ያብረቀርቃል፤ ሽታው አፍንጫዬን ያዘኝ። አንድ ፍሬ ወደ አፌ ከተትሁና ልባሱ ጥርሴ ውስጥ ገባ። ጨውና ቡና! በሕይወቴ አስቤው አላውቅም። «ጠግቤአለሁ» ብዬ አስቀመጥሁ። መጥገቤ ውሸት መሆኑን ከመንገድ እንደመጣሁ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በማግሥቱ ማታ የቤቱ እመቤት ለትምህርት አልመጣችም። በሦስተኛውም ማታ አልመጣችም፤ ሁለት ጎረቤቶቿም ቀሩ። ፊደል ቆጥረው «ለ»ን ከ«ሰ» መለየት ጀምረው ነበር።

ነገሩን ያስረዳኝ እዚያው ያደገ አንድ ተማሪ ነው። ጊዜው ክረምት ነበር፤ ገብሱ ገና አልደረሰም፤ ጎተራው ወርዷል። ያ ቅቤ ተሽጦ ጨው ሊገዛበት የተቀመጠ ነው። እኔ ሽታውን ሳስብ እነሱ ለእኔ ምን እንዳወጡ አላሰብሁም።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። ሁለቱ ሕዝቦች ቋንቋቸው አንድ ነው። ምግባቸው ግን ይለያያል። አሜሪካዊው ቡና ጠጪ ነው፤ እንግሊዛዊው ሻይ በወተት ይወዳል። ሌላው ቀርቶ ብስኩት የሚለው ቃል እንኳ አያስማማቸውም፤ በእንግሊዝ ደረቅና ጣፋጭ ነው፣ በአሜሪካ ግን ከወጥ ጋር የሚበላ ለስላሳ ዳቦ ነው። አሜሪካዊው በእንግሊዝ ቤት ቡና ሲቀርብለት «ይህ ምን ውሃ ነው?» ይላል። እንግሊዛዊው በበኩሉ አሜሪካዊው ያፈላለትን ሻይ ሊደፋው ይፈልጋል። የአሜሪካ የጦር ሚኒስቴር ይህን አስቀድሞ ስላወቀ ለወታደሮቹ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ ሰጣቸው። በቡናቸው አትሳቁባቸው፤ እናንተም ሻይ ማፍላት አታውቁም የሚል ምክር ነበረባት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላው ምክር ነው። በእንግሊዝ ምግብ በራሽን ይታደል ነበርና፣ ቤተሰብ ሲጋብዛችሁ ብዙ አትብሉ፤ የሳምንት ራሽናቸውን ልትጨርሱባቸው ትችላላችሁ ትል ነበር። ያቺን መጽሐፍ የጻፈ ሰው የድሀ ቤት ግብዣ ምን እንደሆነ ያወቀ ይመስለኛል። ለእኛም ከመዝመታችን በፊት እንዲህ ያለች ነገር ቢሰጠን መልካም ነበር።

ለምን ግን ምላስ እንዲህ ያስቸግራል? ሕፃን ሲወለድ ጣፋጭ ይወዳል፣ መራራ ይተፋል። በዱር ካሉ መርዛም ቅጠሎች ብዙዎቹ መራሮች ስለሆኑ ይህ ለሕፃኑ ጥበቃ ነው። ቡናም መራራ ነው። ማንም ሰው ቡና እየወደደ አልተወለደም፤ የለመደው ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ነው። ያን ጊዜ ከቡናው ጋር የነበረው ሁሉ አብሮ ይለመዳል፤ ቅቤ ከነበረ ቅቤ፣ ስኳር ከነበረ ስኳር። ደግሞም ጣዕም የምንለው ነገር ትልቁ ክፍል ሽታ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ወጥ አይጣፍጠውም አይደል? ስለዚህ በቅቤ ሽታ ያላደገ ሰው ቅቤውን ገና ሳይቀምሰው አፍንጫው ይመልሰዋል።

እዚህ ላይ ከከተማ የመጣ ሰው «ቡና እኮ በስኳር ነው የሚጠጣው፤ ደንቡ ይኸው ነው» ይላል። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ግን ይህ ደንብ ስንት ዘመኑ ነው? ከአሰላ ወደ አዳማ (ናዝሬት) ሲወረድ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር፣ ወንጂ አለ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ስኳር ከውጭ የሚመጣና ለጥቂት ሰው የሚደርስ ነገር ነበር። ስለዚህ የከተማው ሰው «የጥንት ባህሌ» የሚለው በስኳር የተጠጣ ቡና በብዙ ቤት ከአያቶቹ ዕድሜ አይበልጥም። ቡናው ራሱስ? በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ብዙ ክርስቲያኖች እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ ቡና የሙስሊም መጠጥ ነው ብለው አይቀምሱም ነበር። ያ ሁሉ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በብዙ የክርስቲያን ቤት የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። ቡናን በቅቤና በጨው የሚበላው የኦሮሞ ሕዝብ ግን የቆየ ልማድ አለው። ታዲያ በቡና ነገር ማን ለማን ደንብ ያወጣል?

የስዊድኑ ሰው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ስዊድን በዓለም ላይ ብዙ ቡና ከሚጠጣባቸው አገሮች አንዷ ናት። አገሩ በረዶ ስለሆነ አንዲት የቡና ዛፍ አትበቅልበትም። ግን አትፍረዱባቸው፤ በቆጂም ብርዱ ቡና አያበቅልም። የአርሲ ቡና የሚገኘው እንደ ጎሎልቻ ባሉ ዝቅ ያሉ ወረዳዎች ነው፤ ደጋው ገዝቶ ይጠጣል። ስዊድናውያን ቡናውን ገርጣ አድርገው ይቆሉታል፤ አጥልለው በትልቅ ኩባያ ይጠጡታል፤ ከጎኑም ጣፋጭ ዳቦ ይበላሉ። እ.ኤ.አ. በ1756 መንግሥታቸው ቡናን በአዋጅ ከልክሎ ነበር። ከዚያም በኋላ ደጋግሞ ከለከለ፤ ሕዝቡ ግን አልተወም።

እንዲህ ያለ ሰው ጥቁር ተደርጎ ተቆልቶ በጀበና የፈላ ቡና በትንሽ ሲኒ ሲሰጠው ሁለት ነገር ይቸግረዋል። አንደኛ ያቃጥለዋል፣ ይመረዋል። ሁለተኛ ሲኒዋ ቶሎ ታልቅበትና «በቃ?» ይላል። ሦስት ጊዜ እንደሚቀዳ አያውቅማ! ተነሥቶ ይሄዳል፤ እመቤቲቱም ቶናውን ይዛ ትቀራለች። የሚገርመው ግን ያ ጣፋጭ ዳቦው የሚሸትተው ሄል ነው። ሄል ለቅቤ ማንጠሪያ የምንጨምረው የኮረሪማ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከዝንጅብል ወገን ናቸው። እንግዲህ የስዊድኑ ሰው የአርሲን ቅቤ ሲያሸት አንድ የሚያውቀው ነገር ሳያገኝ አይቀርም። «የቅቤው ሽታ ከበደኝ» ያለ እንደሆነም፣ በሰሜን ስዊድን በጨው ውኃ ሰንብቶ የኮመጠጠ ዓሣ እንደሚወደድ ንገሩት። የዚያን ዓሣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚከፍት ጥቂት ነው፤ ሽታው ጎረቤት ያስወጣል ይባላል።

እስካሁን የነገርናችሁ ስለ ልማድ ነው። እንግዳው «አይሆንም» ሲል እውነት ያለው ጊዜም ግን አለ፤ ይህን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ያልፈላ ወተት አንዱ ነው። ላም በሽታ ቢኖርባት፣ ለምሳሌ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ከብትን የሚያስጨነግፈው በሽታ፣ በወተቷ ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። የወተቱን ዕቃ በወይራ ማጠን መልካም ልማድ ነው። ጭሱ መዓዛ ይሰጣል፣ ተሐዋስያንንም ያዳክማል። ሆኖም በወተቱ ውስጥ ያለውን በሽታ አይገድልም። የሚገድለው እሳት ነው። ወተቱ ይፍላ። ላሟ ጤነኛ ብትመስልም ይፍላ፤ ይልቁንም ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር።

ጥሬ ሥጋም እንዲሁ ነው። የኮሶ ትል ከከብት ወደ ሰው የሚገባው በጥሬ ሥጋ ነው። የኮሶ ዛፍ በአርሲ ተራሮች ላይ አለ፤ አባቶቻችንም አበባውን ለመድኃኒት ጠጥተዋል። ሥጋውን አብስሎ የበላ ሰው ግን ያን መራራ መድኃኒት መጠጣት አያስፈልገውም። እንግዳ ጥሬ ሥጋ ባይበላ አትቀየሙት።

የወተት ሌላም ጉዳይ አለ። አንዳንድ ሰው የፈላም ቢሆን ወተት ሲጠጣ ሆዱ ይጮኻል፣ ይቀዝነዋል። ይህ ሰው ሲያድግ ወተት ውስጥ ያለውን ስኳር የሚያልም ኃይል አንጀቱ ተወው ማለት ነው። በዓለም ላይ ካሉት አዋቂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዲህ ናቸው። ከብት በማርባት የኖሩ ሕዝቦችና የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ ችግር የለባቸውም። ስለዚህ አንድ ኩባያ ወተት ሲቀርብ የስዊድኑ ፈረንጅ ጨልጦት የአዲስ አበባው ልጅ ሊታመም ይችላል። ለዚህ ሰው እርጎ ወይም ኢቲቱ ይሻለዋል፤ ሲረጋ ያ ስኳር ይቀንሳልና። ቅቤም ብዙም አያስቸግረውም።

በእኔ ነገር የሆነውን ልጨርስላችሁ። በአራተኛው ቀን ወደዚያ ቤት ሄድሁ። ይቅርታ ማለት አፍሬ ነበርና «እማማ፣ ያ ቡና ካለ ልቅመስ» አልሁ። እመቤቲቱ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ቅቤ አልነበረም፤ ተሽጧል። በጨው ብቻ አፈላችልኝ። ጠጣሁት። አልጣፈጠኝም፤ ግን እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ገብሱ ደርሶ ቅቤ ሲገኝ ቡና ቀላውንም እንደገና በላሁ። ሦስተኛው ላይ ልባሱን እንዴት እንደሚያኝኩት አወቅሁ፤ ከቆሎ ጋር ሲሆን ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ጥሩ ነው።

አንድ ቀን ከአሰላ በወረቀት የቋጠርሁትን ስኳር ይዤ ሄድሁና በእሷ ሲኒ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ጨመርሁላት። እስቲ የእኛንም ቅመሺ ብዬ ነው። እመቤቲቱ አንድ ጊዜ ፉት አለች። ፊቷን ቋጠር አደረገች። ሲኒውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችውና ለትንሹ ልጇ ሰጠችው።

«ባርሲሳ፣» አለችኝ፣ አስተማሪዬ ማለቷ ነው፤ «ይህ የሳል መድኃኒት ነው እንጂ ቡና አይደለም።»